ከቅንፍ ውጭ ያለችው ሁለት

በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ቀመር ውስጥ ከቅንፉ ውጭ፣ ዝቅ ብላ የተጻፈች 2 አለች። በሚዛን ተፈሪ ሳስተምር ተማሪዎቼን ዘወትር የምታደናቅፋቸው እርሷ ነበረች። ሃይድሮጅኑን ብቻ አብዝተው 4 አቶም ይላሉ፤ ኦክስጅኑም በቅንፉ ውስጥ ነውና ይበዛል፤ ድምሩ 5 ነው።

«የማይታይ ነገር ምን ብሎ ይቆጠራል?» አለችኝ አንዲት የቡና ገበሬ ልጅ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ከሚዛን እስከ ቴፒ ዝናቡ ካልሲየሙን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል፤ አፈሩም ይኮመጥጣል። ቡና ጥቂት ኮምጣጣነት አይጠላም፤ በቆሎ ግን ፎስፎረሱ በብረትና በአሉሚኒየም ታስሮበት፣ ማዳበሪያ እያለ ይራባል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በኩንታል ሲመዘን 40 ኪሎ ካልሲየም፣ 12 ኪሎ ካርቦን፣ 48 ኪሎ ኦክስጅን ነው። (ኮምጣጣነቱን የሚሽረው ግን ካልሲየሙ ሳይሆን ካርቦኔቱ ነው፤ ስሙን የወሰደው ሌላው ነው።) ያች ባለቅንፏ፣ በውሃ የበረደችው ኖራ፣ ያንኑ ሥራ በ74 ኪሎ ትፈጽማለች፤ ዓይንና ቆዳ ማቃጠሏ ግን አይቀርም።

ልዩነቱ 26 ኪሎ ነው። በክረምት ጭቃ፣ ዳገት ለዳገት፣ ኩንታሉን በጀርባው ለሚያወጣ ሰው።