ጥቁሩ ላስቲክ

እናቴን ባለፈው ጥር ደረጃ አሸነፋት። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳንባ ምች ይዟት ሦስት ሳምንት ከተኛች በኋላ ሕመሙ ለቀቃት፤ ጉልበቷ ግን አልተመለሰም። ከሶፋ ለመነሣት እጄን መያዝ ጀመረች። ልደታ ማርያም ቅርባችን ናት፤ ለእሷ ግን ሩቅ አገር ሆነችባት። "ለግንቦት ልደታ እንኳ ብደርስ" ትላለች።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አይታት "የእግሯ ጡንቻ መንምኗል። የስፖርት ላስቲክ ግዛላት፤ ከቀላሉ ጀምሩ" አለችኝ። "ከቀላሉ" የሚለውን ጆሮዬ አልያዘውም። ሜክሲኮ ሄጄ ሻጩን "ጠንካራው የቱ ነው?" አልኩት። ጥያቄ መጠየቅ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ የተሳሳተውን ጥያቄ ጠየቅኩ። ጥቁሩን ሰጠኝ። አንዴ ከተገዛ ጠንካራ ይሁን ብዬ ተደስቼ ገባሁ።

እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ላስቲኩን በውስጥ እግሯ አለፈች፣ ሁለቱን ጫፍ በእጇ ያዘች፣ እግሯን ወደ ፊት ገፋች። ሦስተኛው ላይ ትንፋሿን ያዘች፣ ወገቧ ጎበጠ። በማግስቱ ወገቧን አመማት። ሳምንት ሙሉ ላስቲኩን አልነካችውም። "ልጄ ተወው፤ እኔ እኮ አርጅቻለሁ" አለችኝ።

ያመመኝ ይሄ ነው። የከበደው ላስቲኩ ነበር፤ እሷ ግን ራሷን ጥፋተኛ አደረገች።

ተመልሼ ስጠይቅ የገባኝን ላካፍላችሁ። ቴራባንድ በሚባለው የታወቀ ምርት ቢጫው በእጥፍ ሲለጠጥ የሚስበው 1.3 ኪሎ ያህል ነው፤ ጥቁሩ 3.3 ኪሎ። ሁለት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ደግሞ ቀለም የሁሉም ፋብሪካ ቋንቋ አይደለም፤ የአንዱ ቀይ የሌላው ቢጫ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀለም አትመኑ፣ ሞክሩት። ከ10 እስከ 15 ጊዜ መሥራት ከቻላችሁና የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ብቻ ከከበዷችሁ ልካችሁ እሱ ነው። ትንፋሽ የሚያስይዝና ወገብ የሚያጎብጥ ከሆነ በዝቷል። እያወራችሁ 20 ከደረሳችሁ ቀሏችኋል። ያኔም ቶሎ ሌላ አትግዙ፤ አሳጥራችሁ ያዙት፣ ይከብዳል። አንድ ሜትሩን ግማሽ ሜትር መለጠጥና ግማሽ ሜትሩን ያንኑ ያህል መለጠጥ አንድ አይደለም። ፀሐይ ላይም አትስቀሉት፤ ጎማ ነውና ይሰነጣጠቃል። የተሰነጠቀ ላስቲክ ፊት ላይ ይበጠሳል፤ ከመጀመራችሁ በፊት በደንብ እዩት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እኛ ቤት ስፖርት የጎረምሳ ነው። ለእናቶቻችን የምንለው "አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ" ነው። ውኃውን እናመጣለን፣ ዘምቢሉን እንቀበላለን። ፍቅር ነው፤ ግን በፍቅር ጡንቻቸውን እየቀማናቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች የሚዛንና የጥንካሬ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይሥሩ ይላል። "አርፈሽ ተቀመጪ" እና ጥቁሩ ላስቲክ የአንድ ስህተት ሁለት ጫፎች ናቸው፤ አንዱ ምንም አያሸክምም፣ ሌላው ከአቅም በላይ ይጭናል። ሁለቱም ሰውየውን አይተው አልመዘኑም።

ቢጫውን ገዛሁ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከቡና በኋላ። መጀመሪያ ስምንት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ አሥራ ሁለት።

ግንቦት 1 ቀን ነጠላዋን አጣፍታ፣ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ ሦስቱን ፎቅ ወረደች። እኔ ከፊቷ በጀርባዬ እየሄድኩ ነበር፤ "ዞር በል፣ ትወድቃለህ" አለችኝ። ስንመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዐረፍ አለች፣ ከዚያ ቀጠለች። ማታ ንፍሮ እየበላን "ይሄ ቢጫው ቀለለኝ፤ ቀዩን አምጣልኝ" አለች።

ጥቁሩን እኔ እየሠራሁበት ነው። እውነቱን ልናገር? ለእኔም ከብዶኛል።