ቁስሉ የማይታይ ሕመም

ስኳር ነርቫቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ማታ ማታ ምን እንደሚሉ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «እግሬ በእሳት ይነዳል፤ አንሶላው ሲነካኝ እንኳ አልችለውም።» ሐኪሙ እግሩን ቢያገላብጥ ቁስል የለም፣ እብጠት የለም። ራጁም ደህና ነው። ቤተሰብ ቀስ በቀስ መጠራጠር ይጀምራል። ሕመሙ ሳያንስ፣ መታመምን ለማስረዳት መድከም ይጨመርበታል።

አንጎልን ሳይከፍቱ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችን ሥራ በጉጉት የምከታተለው ለዚህ ነው። በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ራስ ላይ በሚያዝ የሽቦ ጥቅል አንጎልን ማነቃቃት እንደሚቻል አሳዩ። በጥቅሉ ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ሲያልፍ የሚፈጠረው ማግኔት አጥንቱን አልፎ ከሥሩ ያሉትን የአንጎል ሴሎች ይቀሰቅሳል። ቢላ የለም፣ ማደንዘዣም የለም። ባለሙያው ስምንት ቁጥር የመሰለውን ጥቅል ራስ ላይ ቀስ እያለ ያንሸራትታል፤ ማሽኑ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ትክክለኛዋ ቦታ ስትገኝ ታማሚው ሳያዘው አውራ ጣቱ ብድግ ይላል። ለሕክምናው ኃይሉ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይደረጋል።

እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ግን የሚነካው ቦታ ነው። የሕመም ሳይሆን የእንቅስቃሴ ማዘዣው ነው! ፍንጩ የመጣው ከጃፓን ነው፤ በ1991 ፁቦካዋ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ቦታ ላይ በቀዶ ሕክምና ኤሌክትሮድ አስቀምጠው ሕመም እንደሚቀንስ ዘገቡ። ምክንያቱን ለማየት የአንጎል ምስል አስፈለገ። የፈረንሳይ ሊዮን ተመራማሪዎች በፔት ስካን ሲከታተሉ፣ የደም ፍሰቱ የጨመረው ከተነካው ቦታ ርቀው በሚገኙ ጥልቅ ክፍሎች ጭምር ሆኖ አገኙት። በኋላም የሞርፊንን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን ለጤነኛ ሰዎች ሲሰጥ የማነቃቃቱ ማስታገሻነት ቀነሰ። ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እየለቀቀ ነበር ማለት ነው።

በ2021 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት 149 የነርቭ ሕመምተኞችን ለወራት ተከታተለ። የእንቅስቃሴ ማዘዣውን ማነቃቃት ከማስመሰያው ሕክምና በልጦ ሕመምን ቀነሰ፤ የግንባሩን አካባቢ ማነቃቃት ግን አልበለጠም። ቀነሰ እንጂ አጠፋ አልተባለም። ለዓመታት እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን መቀነሱም ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። የአንጎል ምስሉ ፈራጅ እንዲሆን የሚፈልጉ አሉ፤ ኢንሹራንስ፣ ፍርድ ቤት። የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር የባለሙያዎች ቡድን በ2017 ይህን አጥብቆ ተቃውሟል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በ2016 በታተመ ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ ሕመም የማያውቁ 2 ሰዎች ቆዳቸው በሹል ነገር ሲጫን፣ በምስሉ ላይ «የሕመም አካባቢ» የሚባለው ክፍል እንደማንኛውም ሰው ነቅቶ ታይቷል። በፈረንሳዩ ጥናትም የውጤቱ ዋና መለኪያ ስካን አልነበረም፤ ታማሚው ራሱ ለሕመሙ የሚሰጠው ቁጥር ነበር።