ሲጠይቁን ዝም አልን

ስዊድን ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ተማሪ በነፃ የምታስተምርበት ዘመን በ2011 እ.ኤ.አ. መጸው ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ከአፍሪካ የሚመጣ ተማሪ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ስኮላርሺፕ ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ግን የአገራችን ልጆች ለትምህርቱ ሰባራ ሳንቲም ሳይከፍሉ በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲና በንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኮቴሆ፣ ተምረዋል። የሚያንገበግበኝ የበሩ መጥበብ ብቻ አይደለም። ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ትልቁን ነገር ሳንይዝ መውጣታችን ነው።

በስዊድን ተማሪን መጠየቅ ግዴታ ነው። የከፍተኛ ትምህርት ደንቡ፣ ኮርስ የተማረ ሁሉ ስላሳለፈው እንዲጠየቅ፣ መልሱም ተጠናቅሮ ምን እንደተደረገበት ለተማሪው እንዲነገር ያዛል። ኮቴሆ ኋላ ላይ ያዘጋጀው መጠይቅ በሦስት ነገር ላይ ያተኩራል፦ ትምህርቱ ትርጉም አለው? ይገባል? ከአቅም ጋር ይሄዳል? ከዚያ በፊትም በ2002 እና በ2007 እ.ኤ.አ. የከፍተኛ ትምህርት ባለሥልጣኑ «የተማሪ መስታወት» በተሰኘ አገር አቀፍ ጥናት ተማሪው እንዴት እንደሚማርና ምን ያህል እንደሚያጠና ጠይቋል።

እኛስ? የኮርስ መጠይቅ በኢሜይል ሲመጣ ብዙዎቻችን ሳንከፍተው አለፍን። መምህርን መተቸት ነውር፣ በነፃ እየተማሩ ቅሬታ ማቅረብም ምስጋና ቢስነት መሰለን። ላፒስ በተባለው የስቶክሆልም የተማሪዎች ሰፈር መኖሪያ ለማግኘት ወረፋ መጠበቁን፣ ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ መጥለቋን፣ ሳምንቱን ሙሉ የሚያናግር ሰው ማጣትን ቡና ላይ ተጨዋወትነው። ለሚመለከተው ግን አልጻፍንም። ከኋላችን ለመጡት እንኳ አንድ ገጽ አላቆየንላቸውም።

የባሰው ቁጭት አገር ቤት ነው። ከመካከላችን ተመልሰው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ አሉ። ዲግሪው ገባ፣ የመጠየቁ ልማድ ግን ቀረ። በግቢዎቻችን ተማሪው መምህሩን በቅጽ ይገመግማል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ከገጠር መጥቶ ዶርም የገባው ፍሬሽ ግን እንዴት ከረመ? ውሃ በጠፋበት ሳምንት፣ ግቢው በተረበሸበት ወር እንዴት አለፈ? ሲታመም ማን አስታመመው? ይህ በቅጹም በፈተናውም ላይ የለም።

ላቦራቶሪ ለመገንባት ገንዘብ አጥተን ነው ቢባል ያስኬዳል። ለመጠየቅ ግን ወረቀትና ሰሚ ጆሮ ይበቃ ነበር። ከተመለስን ወዲህ ስንት ባች ገብቶ ወጣ! የግቢ ኑሮ ያሸነፈው ልጅ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ፣ መዝገቡ ላይ የቀረው «ዲስሚስ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ምን እንዳሸነፈው የጠየቀው የለም። እንዴት እንደሚጠየቅ አይተን የተመለስን ሰዎች እያለን!