ተረኛ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት የምትነሳው ለበሽተኛ አይደለም፤ ለውሃ ነው።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ደርሶም ግፊቱ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ሰፈሩ ሲተኛ ብቻ ነው። ቧንቧው ማጉረምረም ሲጀምር ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት፤ ለዓመታት በዲዩቲ ስልክ ስትነቃ የኖረች ሰው እንቅልፍ አይጠናባትም። በርሜሉን ትሞላለች፣ ጀሪካኖቹን ትሞላለች፣ ከዚያ ሳፋውን። ባሏም ያግዛታል፤ የነቃ ቀን። 10 ተኩል ላይ ጋደም ስትል እናቷ ደግሞ ለጸሎት ይነሳሉ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

ሴትዮዋ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ትሠራለች፤ በሳምንት አራት ቀን ከሥራ በኋላ በአንድ የግል ክሊኒክ ታያለች። ሁለት ልጆች አሏት። እናቷ ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረዋት ይኖራሉ። እሳቸውም የስኳር ታማሚ ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ አደባባይ ወጥቶ ሥራ እስከ ማቆም በደረሰ ጊዜ ይኼ ሁሉ ሰው ስለ ሐኪም ሲጽፍ ከረመ። ግማሹ ስለ መሐላ ጻፈ። ግማሹ የደመወዝ ወረቀት ፎቶ እያነሳ ለጠፈ። የታሰሩም ነበሩ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የብዙ ሐኪሞች የወር ደመወዝ በዶላር ሲመነዘር መቶ አይሞላም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ የሐኪሙ ደመወዝ ግን ባለበት ቆመ። በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሻለ፤ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያም አብረው ተሻሻሉ እንበል። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ያልተነሳው ነገር ቀኑ ነው። የአንድ ሐኪም ቀን ስንት ሰዓት አለው? በየትኛው ሰዓት ነው የሰው ልጅ፣ የሰው እናት የምትሆነው?

የትምህርት ቤት ሰርቪስ 12 ሰዓት ከ45 ላይ በር ላይ ይደርሳል። ትልቁን ልጅ ጫማ ፍለጋ፣ ትንሿን የምሳ ዕቃ ክርክር። 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ናት። 2 ሰዓት ላይ የጠዋት ስብሰባ፤ ሌሊት የገቡት፣ ሌሊት የሞቱት በተረኛው ሬዚደንት ይነበባሉ። ከዚያ ራውንድ። ከዚያ የስኳር ተመላላሽ ክሊኒክ፤ በሩ ላይ ካርዳቸውን ይዘው አርባ፣ ሃምሳ ሰው። ከፊሉ ከክፍለ ሀገር ትናንት ገብቶ ዘመድ ቤት ያደረ ነው።

አንድ ቀን ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ገቡ። ኢንሱሊናቸውን እንዴት እንደሚያስቀምጡ ጠየቀቻቸው፤ ማቀዝቀዣ እንደሌላቸው ታውቃለች። «በእንስራ ነው ልጄ» አሏት። አንድ ነርስ በነገረቻቸው መሠረት እንስራው ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገው፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው ጥላ ሥር ያኖሩታል። ትክክል ነው። የሸክላው እርጥበት ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። በጣም ደስ አላት። ያን ዕለት ከሰማችው ነገር ሁሉ የሚያስደስተው እሱ ብቻ ነበር፤ የሦስት ወር ስኳር የሚለካው ማሽን ሪኤጀንት ካለቀበት ሰንብቷል፣ ሰው ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ግማሹ ብር የለውምና ሳይሠራ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ሕዝቡም እውነት አለው። ጠዋት የመጣ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ ለአምስት ደቂቃ ታይቶ ሲወጣ ሐኪሟ ሌሊት ውሃ ስትቀዳ እንዳደረች አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። የመንግሥት በሽተኛውን «ማታ ክሊኒኬ ና» የሚል ሐኪምም አለ። ያንን «የኑሮ ውድነት ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። እሷ አታደርገውም። ግን የሚያደርገው ባልደረባዋ መኪና እንዳለው፣ እሷ እንደሌላት ታያለች።

ለእያንዳንዱ የስኳር ታማሚ የምትለው አንድ ነገር አለ። ከብዛቱ የተነሳ አፏ ራሱ ይለዋል፦ «እግርዎን ማታ ማታ ይዩ። ባዶ እግርዎን አይሂዱ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ከመንከርዎ በፊት በክንድዎ ይለኩት። ማየት ካልቻሉ ልጅዎ ይይልዎት።» ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይገድላል፤ ሰውዬው ሚስማር ቢረግጥ፣ እሳት ቢነካው አይሰማውም። ሕመም የሰውነት ጥበቃ ነው፤ ጥበቃው ሲሞት ሌባው ሰተት ብሎ ይገባል።

ስልኳ በዚህ ሁሉ መሀል አያርፍም። የትምህርት ቤቱ ግሩፕ፦ ነገ ነጭ ቲሸርትና 300 ብር። የባሏ አክስት፦ የደም ምርመራ ውጤት ፎቶ፣ ደብዛዛ፣ ዘወር ያለ፣ «እስቲ እይልኝ የኔ ልጅ»። የዕድር ጸሐፊ። የመብራት ካርድ አልቋል። በዚህ መሀል ዋሽንግተን ያለው የባሏ ወንድም የሚልካቸው አሉ፦ የአሜሪካን የሐኪሞች ፈተና አንድም ቀን እንዳታዘገይ፣ አብረዋት የተማሩ እነ እገሌ እንዳለፉ። እነዚያን ትከፍታቸዋለች፤ አትመልስም።

(ነገሩ ይገርማል። ዘመናዊ ሕክምና ከተማሩት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው፣ ሕንድና ስኮትላንድ ተምረው፣ ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው መጡ። አሁን መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይነዳል።)

11 ሰዓት ተኩል ላይ የግል ክሊኒኩ። የሚከፈላት ባየችው ሰው ቁጥር ነው። 2 ሰዓት ማታ ትወጣለች፤ ቤት 3 ሰዓት። ልጆቹ አንዳንዴ ተኝተዋል። እናቷ ግን እራቷን ሸፍነው ይጠብቋታል። «መድኃኒትሽን ወሰድሽ እማዬ?» «ወስጃለሁ።» ይኼው ነው ንግግራቸው። የእናቷን ሜትፎርሚን በየወሩ ራሷ ገዝታ ታመጣለች፤ አንድም ቀን አስተጓጉላ አታውቅም። በዚህ ትኮራ ነበር።

በዚህ ዓመት ታኅሣሥ፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ትንሿ ልጅ ፀጉሯን እየተሠራች ሳለች «እማዬ፣ አያቴ ካልሲዋን አታወልቅም፤ ትሸታለች» አለች። ልጅ ነገር ሲናገር ድምፁን አይቀንስም። እናትየው ሰምተዋል። «ብርድ ነው ልጄ፣ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ እንጂ እኔስ ብርድ ባልፈራሁ» ብለው ሳቁ።

እሷ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

ካልሲው ሲወልቅ የቀኝ እግር ትንሿ ጣት ጥቁር ነበረች፤ ሥሯ ተከፍቶ እርጥብ። ሌሊት ሌሊት ብርዱ ሲያይል እናትየው በሃይላንድ ላስቲክ ትኩስ ውሃ ሞልተው እግራቸው ሥር ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን ሲነቁ ቆዳቸው ተልጧል። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። «አያመኝም እኮ!» አሏት፣ እንደሚያጽናኗት።

ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገረቻቸው። ሆስፒታል የሚጠቀሙበት ቀጭኑ የላስቲክ ክር ቤት ውስጥ የለም፤ የልጇን እርሳስ አነሳች። «ሲነካሽ ‘እሺ’ በይኝ።» አውራ ጣቱን ነካች። ዝም። መሀል እግሩን። ዝም። ተረከዙን። «ጀመርሽ እንዴ?» አሉ።

ለምን አልነገርሽኝም ብላ ጮኸችባቸው፤ በኋላ በጣም የቆጫት እሱ ነው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «መቼ ልንገርሽ?»

ሰኞ ይዛቸው ሄደች። እንደማንኛውም ሰው ካርድ አወጣች፤ እንደማንኛውም ሰው ግን አልተሰለፈችም። ቀዶ ሐኪሙ አብሯት የተማረ ነው፤ በጎን በር አስገባቸው። እናትየው ኮሪደሩ ላይ መሬት የተቀመጠውን ሰው አይተው «እነዚህ ከኛ በፊት ናቸው፤ አይሆንም» ብለው ቆሙ። እሷ ክንዳቸውን ይዛ ገባች። አሁን ቢጠየቅ ብዙ አንባቢ «እኔም አደርገው ነበር» ይላል፤ ልክ ነው። ያን ኮሪደር ላይ የተቀመጠው ሰውም እናት አለው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እሷም ሁለቱን አውቃ ነው የገባችው።

ራጁ አጥንቱ እንደተነካ አሳየ። ጣቷ ተቆረጠች። ስኳሩን ለማውረድ ኢንሱሊን ተጀመረ። ቀዶ ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ስለ ጣት ሳይሆን ስለ እግር እንነጋገር ነበር አላት፤ ማጽናናቱ ነው። ለእሷ ግን የተሰማት ሌላ ሂሳብ ነው፦ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ የስንት ሰው እግር ዓይታለች? ደግሞ አላየችም። ይይልዎት ብላ ነው የነገረቻቸው። ካልሲ ማስወለቅ፣ መንካት፣ መልሶ ማስለበስ ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ይወስዳል፤ አርባ ሰው ሲሆን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። የሚያስተምራት መጽሐፍ ይህን ሰዓት ከየት እንደምታመጣው አልጻፈም።

በዚያ ሳምንት ከግል ክሊኒኩ ሁለቱን ምሽት ተወች። ባሏ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ ማታ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው ደመሩ፣ ቀነሱ። የሁለተኛው መንፈቅ የትምህርት ቤት ክፍያ አይሞላም። የመሥሪያ ቤቱን ዕቁብ ዕጣ የደረሳትን ሲስተር ለምና ተራ ተለዋወጠች። ለሁለተኛው መንፈቅ ሆነ። ለሚቀጥለው ዓመት ልጆቹን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስለማዛወር ተነጋገሩ፤ አልጨረሱትም። ባሏ በዚያው የወንድሙን ስም አነሳ። እሷ «እማዬን ማን ያያታል?» አለች። እሱም «አሁንስ ማን አያት?» አለ። ክፉ ሊናገር ፈልጎ አይደለም፤ ድካም ነው። ወዲያው ይቅርታ ጠየቃት። ያቺ ቃል ግን አሁንም ቤቱ ውስጥ አለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ነገር ቀይራለች። ታማሚዎቹ ወረፋ ሲጠብቁ ጫማና ካልሲያቸውን አውልቀው እንዲቀመጡ አድርጋለች፤ አንድ ኢንተርን ከበር ጀምሮ እያየ ይመጣል። ኢንተርኖቹ አልወደዱትም። ሽታ አለው፣ ሥራ አለው። አንዳንድ ሰው የተቀደደ ካልሲውን ያፍርበታልና አላወልቅም ይላል። የምሳ ሰዓት አልፎ ወረፋው እስከ 8 ሰዓት መጎተት ጀምሯል። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ያላወቃቸው ሁለት ቁስሎች ተገኙ፤ አንዱ ጫማው ውስጥ ጠጠር ይዞ ሲሄድ የከረመ ዘበኛ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ኢንተርኖቹ ወደ ሌላ ክፍል ተቀየሩ፤ አዲሶቹ ገና አልተመደቡም፤ ካልሲውን ራሷ ታስወልቃለች።

ቤት ደግሞ ማታ ማታ፣ በስንትም ሰዓት ብትገባ፣ የእናቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች። እናትየው መጀመሪያ አካባቢ አፍረው እምቢ ብለው ነበር፤ ልጅ እግር ሲያጥብ ነው እንጂ ሐኪም ሲያይ አያምርም ብለው። አሁን ሳትጠይቃቸው ይዘረጋሉ። በዚያች አሥር ደቂቃ ሌላም ሌላም ይነግሯታል፤ ስለ ጎረቤት፣ ትንሿ ትምህርት ቤት ስላለቀሰችው፣ ደብረ ብርሃን ስላለው ቤት ጣሪያ። አንዳንዴ እግሩን እንደያዘች እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። እናትየው አይቀሰቅሷትም፤ ቧንቧው ማጉረምረም እስኪጀምር።