የሀርሺን ወቅቶችና የተሰኪዎች በር

በሀርሺን ብርካ ለሚባሉት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች መዝገብ እንዲያገለግል የጃቫስክሪፕት የቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ ጻፍሁ። ሰነድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ጾም በሂጅራ ስለሚቆጠር እያንዳንዱን አቆጣጠር በተሰኪ፣ በተለምዶ ፕለጊን በሚባለው፣ ለማስገባት ወሰንሁ።

መጀመሪያ የጄኩዌሪን ልማድ ተከትዬ ተሰኪዎች በጋራው ፕሮቶታይፕ ላይ እንዳሻቸው እንዲጨምሩ ፈቀድሁ። ሁለቱም «የወር ስም» የሚል ፈንክሽን ሲያስገቡ ኋላ የተጫነው የፊተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ሻረው፤ ሁለቱም ዘጠነኛ ወር ናቸውና ረመዳን «ግንቦት» ተብሎ ወጣ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ እምብርቱ ተከታታይ የቀን ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ ተሰኪው በራሱ ስም ተመዝግቦ ቁጥሩን ወደ ቀን፣ ቀኑን ወደ ቁጥር ይለውጣል።

ይህ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። አንድ አዛውንት ግን ብርካቸው መቼ እንደ ሞላ ሲጠየቁ «በጉ» አሉ። ጉ የበልጉ ዝናብ ወቅት ነው፤ የሚገባውም ዝናቡ ሲመጣ እንጂ በተቆረጠ ቀን አይደለም። የእኔ ኢንተርፌስ ደግሞ አንድ ቁጥር ካልተሰጠው አያልፍም። መዝጋቢዎቹ «ሚያዝያ 1» እያሉ ይሞሉት ጀመር፤ መዝገቡ ሙሉ፣ ነገሩ ሐሰት። ስለዚህ ተሰኪ መነሻና መድረሻ እንዲመልስ፣ መድረሻውም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ፈቀድሁ። ለውጡ ቀድመው የተጻፉትን ተሰኪዎች ሁሉ ሰበረ፤ የሂጅራውን ጠግኛለሁ፣ የካረንና የደይር ገና ናቸው።