በጎቹ አለቁ ወይ?

ጋዜጠኝነት ተመርቄ እንጀራዬን የማገኘው በግ በመፈለግ ነው። አትሳቁ። የሶፍትዌር ሰዎች ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀን ስህተት «በግ» ይሉታል፤ እናቴ «ዛሬ 6 በግ አገኘሁ» ስላት ለፋሲካ ስንት እንደሚያወጣ ትጠይቀኛለች።

ሥራዬ ፕሮግራሙን እንደ ተጠቃሚ እየነካካሁ የሚበላሽበትን ቦታ መለቃቀም ነው። በቅርቡ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የተሠራ ፕሮግራም ስፈትሽ 20 ስህተት አገኘሁ። አለቃዬ «20 ካገኘሽማ በቃ፣ ሰኞ እናስረክብ» አለ። ምስር ስትለቅሙ 20 ጠጠር ስላገኛችሁ ምስሩ ጸዳ ትላላችሁ? እንዲያውም ይህን ያህል ጠጠር የወጣበት ምስር የበለጠ ያስፈራል።

እናላችሁ፣ ከሒሳብ ጋር የተጣላሁት ልጅ ወደ ሒሳብ ሮጥኩ። ጆርጅ ፖልያ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ስለ እኛው ሠፈር ሰዎች፣ ስለ ጽሑፍ አራሚዎች ያወራል። ሁለት ሰዎች አንዱን ጽሑፍ ሳይነጋገሩ ያርሙ፤ የየግላቸው ግኝት ይባዛ፤ ሁለቱም ባገኟቸው ስህተቶች ብዛት ይካፈል። የጠቅላላው ስህተት ግምት ይኸው ነው።

የሥራ ባልደረባዬን ዝርዝሬን ሳላሳየው እንዲፈትሽ ለመንኩት። 15 አገኘ። 10ሩን እኔም አግኝቻቸው ነበር። 20 በ15 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 30! ሁለታችን አንድ ላይ የያዝነው ደግሞ 25። 5 ቀርተዋል ማለት ነው። ያውም ሲያንስ፤ ፊት ለፊት የሚታየውን ስህተት ማንም ስለሚያገኘው ሒሳቡ የተደበቀውን አሳንሶ ይገምታል።

አለቃዬ እያጉረመረመ 2 ቀን ጨመረልን። 3 ተገኙ። አንደኛው፣ ፕሮግራሙ ጳጉሜ 6 የምትባል ቀን መኖሯን አያውቅም። በ2015 እንደሆነው በ4 ዓመት አንዴ ብቻ ብቅ የምትል ስለሆነች ማንም አልሞከራትም። በዚያች ቀን ብድሯን የከፈለች እናት ክፍያዋ አይመዘገብም፤ መስከረም ሲጠባ ቅጣት ይቆጠርባታል።

የቀሩት 2ስ? አላገኘናቸውም። ግን ገንዘብ የሚገባበትንና የሚወጣበትን መንገድ ሁሉ ሁለታችንም በየፊናችን ደግመን ሄድንበት፤ አዲስ ነገር ጠፋ። ያኔ ፈረምኩ። ማስረከቢያው ላይ ግን «ስህተት የለውም» ብዬ አልጻፍኩም፤ የፈተሽነውንና ያልፈተሽነውን ለይቼ ዘረዘርኩ። አለቃዬ «ይሄን ምን አመጣው?» አለኝ። ምን ላድርግ፣ ያላጣራሁትን ዜና በስሜ አላወጣም።