የዕለት መዝገብ በካዛንችስ

ሰው የሚኖርበትን ሰፈር በመንገዱና በቤቱ ያውቀዋል፤ የኖረበትን ዘመን ግን የሚያውቀው በዕለታት ነው። ቤት ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ ስለ ሆነ ሲፈርስ ለዓይን ይታያል፤ አቧራውም ይመሰክራል። የዕለት መፍረስ ግን ለማንም አይታይም፤ ይኸውም መርሳት የሚባለው ነው። በአዲስ አበባ ከተማ በካዛንችስ ሰፈር ይኖሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይህን ዐይነቱን መፍረስ ይከላከሉ ዘንድ ከመስከረም 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ መዝገብ ይዘው ኖረዋል። ስለዚህም ሰፈርተኛው ሁሉ «ባለ መዝገቡ» ይላቸው ነበረ።

ሽማግሌው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሥራ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። መዝገባቸው 366 ቅጠል አለው፤ ለእያንዳንዱ የዓመቱ ቀን አንድ ቅጠል ተሰጥቶታል። እያንዳንዱም ቅጠል በቀይ ቀለም በአራት ተከፍሏል። ለመጀመሪያው ክፍል «ታሪክ»፣ ለሁለተኛው «ጥቂት ነገር»፣ ለሦስተኛው «ሣቅ»፣ ለአራተኛው «የልብ ነገር» የሚል ርእስ ተጽፎለታል። በየዓመቱ ቀኑ ሲመለስ ቅጠሉም ይገለጣል፤ ያነበቡት ወይም የሰሙት አዲስ ነገር ቢኖር በተራው ይጨመራል።

ይህን ሥርዐት ከየት እንዳገኙት ሲጠየቁ «ከስንክሳር» ይሉ ነበረ። በልጅነታቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲያድሩ ስንክሳር ሲነበብ ሰምተዋል። ይህ መጽሐፍ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ከተመለሰ በኋላ የኢትዮጵያ ቅዱሳን ዜና እየተጨመረበት፣ በየንባቡም መጨረሻ አርኬ እየተደረሰለት የሰፋ ነው። በእርሱ ውስጥ የግብፁ መነኵሴ፣ የሮሙ ሰማዕትና የሸዋው ጻድቅ ሳይተዋወቁ በአንድ ቀን ይገናኛሉ። ዘመን የለያያቸውን ዕለት ያገናኛቸዋል። ሽማግሌውም «የእኔ መዝገብ የጻድቃን አይደለም፤ የጎረቤት ነው፤ ነገር ግን ጎረቤትም ቢሆን ቀን ያስፈልገዋል» እያሉ ይናገሩ ነበረ።

በሐምሌ 19 ቀን ቅጠል ላይ የሕፃኑ የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ ነገር ተጽፏል፤ በዚያ ቀን ከፈላው ጋን ውስጥ በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል መዳናቸው ይታሰባልና። ቂርቆስ በዚያን ጊዜ የ3 ዓመት ልጅ ነበረ። «ጥቂት ነገር» ከሚለው ሥር ደግሞ የስሞቹ ምንጭ ተመዝግቧል። ባንኩ፣ ሆቴሉና መሥሪያ ቤቱ የበዛበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን በዚህ ሕፃን ስም ከተሠራችው ቤተ ክርስቲያን አገኘ። የካዛንችስ ስም ግን የመጣው የጣልያን መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት ያሠራበት ከነበረው ድርጅት ነው። ጣልያኖች የድርጅቱን ረጅም ስም በአምስት ፊደል አሳጥረው «ኢንቺስ» አሉት፤ ቤቶቹንም «ካዜ ኢንቺስ» ብለው ጠሯቸው፤ የከተማው ሰው አፍ ደግሞ አላልሶ ካዛንችስ አደረገው። «ሣቅ» ከሚለውም ሥር ሽማግሌው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፤ «ካዛንችስ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስለሚገኝ፣ የ3 ዓመት ሕፃን አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት አዝሎ ይኖራል።»

ከዚያው ክፍለ ከተማ ለገሃር የተባለውን ስፍራ ደግሞ ፈረንሳዮች ሰየሙት፤ በቋንቋቸው የባቡር ጣቢያ ማለት ነውና። በሰኔ 8 ቀን ቅጠል ላይ በዚህ ጣቢያ ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ታሪክ ይገኛል። በ1923 ዓ.ም. ለተደረገው የንግሥ በዓል የቆመው ይህ አንበሳ በወረራው ዘመን ተነቅሎ ወደ ሮማ ተወሰደ። ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ በባዕድ ከተማ ባየው ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት በመጡ ጊዜም ጎራዴውን መዘዘ። እርሱ እንደ ታሰረ በ1937 ዓ.ም. በጣልያን አገር ዐረፈ፤ አንበሳው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ። «የልብ ነገር» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ብቻ አለ፤ «ድንጋዩና ነሐሱ አገሩ ገባ፤ ያለቀሰለት ሰው ግን ከአገሩ ውጭ ሞተ።»

የግንቦት 17 ቀን ቅጠል በ1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች መሪዎችና መልእክተኞች ከካዛንችስ እምብዛም በማይርቀው በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን እንደ መሠረቱ ይናገራል። አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በመስተዋት የሣሉት ታላቅ ሥዕል በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። «ጥቂት ነገር» ከሚለው ሥርም የአዳራሹ ንድፍ አውጪ አርቱሮ ሜዜዲሚ ጣልያናዊ መሆናቸው ተጽፏል። ጣልያን ለባለ ሥልጣኖቹ ቤት በሠራበት ከተማ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የጣልያን ልጅ ለነጻነት የሚመከርበትን አዳራሽ ነደፈ። ሽማግሌው ይህን የጻፉት ሊያስገርሙ ብለው እንጂ ሊያስቀይሙ ብለው አይደለም።

የመስከረም 2 ቀን ቅጠል ግን ከሁሉ ይልቅ አስቸግሯቸው ነበረ። በዚያ ቀን በ1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ይህን በሰሙ ጊዜ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሥቀዋል። መዝገቡን ሲጀምሩም ነገሩን «ሣቅ» ከሚለው ሥር ጻፉት። ከብዙ ዓመት በኋላ እርሳቸው ራሳቸው በሸመገሉ ጊዜ በቀይ ቀለም ሠረዙና «የልብ ነገር» ወደሚለው አዛወሩት፤ ከጎኑም «ሽማግሌ ሲዋረድ የሣቀ ሰው ሣቁን ተመልሶ ይከፍላል» የሚል ቃል ጨመሩ።

መዝገቡ ሁሉ እንዲህ የሚያስተክዝ እንዳይመስል፣ ሰፈርተኛው ደጋግሞ ያስነብበው የነበረ አንድ የሰዓት ወሬም ነበረ። አንድ የውጭ አገር ሰው በሰባት ሰዓት ለምሳ ተጠራ፤ እርሱም በራሱ ሰዓት ቈጥሮ ገና በማለዳ፣ በእኛ አቈጣጠር በአንድ ሰዓት ደረሰ። የቤቱ እመቤት ደጅ ትጠርግ ነበረች፤ ባልየውም ፊቱን አልታጠበም። እንግዳን መመለስ ነውር ስለ ሆነ ቁርስ አበሉት፤ ቁርሱንም ምሳ መሰለውና አመስግኖ ተነሣ። ያን ጊዜ ባልየው እጁን ይዞ «ተቀመጥ እንጂ፣ ምሳው ገና መቼ ቀረበ!» አለው። እንግዳው ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ «ኢትዮጵያውያን ምሳ የሚበሉት ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው» ብሎ አወራ ይባላል።

ንባቡ የሚደረገው በማለዳ በቡና ሰዓት ነበረ። በግቢው ውስጥ የሚኖሩት አናጢው፣ የልብስ ሰፊው ባልና ሚስት፣ ተማሪዎችና አንዲት አሮጊት ይሰበሰባሉ፤ ቡናውን የምታፈላው አሮጊቲቱ ነበረች። ሽማግሌውም መነጽራቸውን ጠርገው የዕለቱን ቅጠል ያነባሉ። በሚያዝያ 27 ቀን ያነቡት የነበረው እጅግ የሚወዱትን ቅጠል ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚህ ቀን የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ አምስት ዓመት ሲሞላ በ1933 ዓ.ም. በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ ተመለሱ። ካዛንችስ ያን ስሙን ያገኘው በእነዚህ በሁለቱ ሚያዝያ 27 ቀኖች መካከል ነው፤ ስለዚህም ሽማግሌው ይህን ቅጠል «የሰፈራችን የልደት ወረቀት» ይሉት ነበረ።

ነገር ግን አሮጊቲቱ በየዓመቱ ይህ ቅጠል ሲነበብ ሲኒዎቹን ሳታነሣ ወደ ቤቷ ትገባ ነበረ። ሽማግሌውም ታሪክ የማይገባት ሰው መስላቸው ዝም አሉ። በ2015 ዓ.ም. ግን ተከትለዋት ሄደው «እትዬ፣ ንባቤ ምን አስቀየመዎ?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ከደጁ ላይ ቆማ እንዲህ አለቻቸው፤ «ጋሼ፣ የጠላትን መግባትና የንጉሡን መመለስ በየዓመቱ ያነባሉ። ልጄ በ1991 በዚሁ ቀን ከዚህ በር ወጥቶ ወደ ጦር ግንባር ሄደ፤ አልተመለሰም። እርስዎም በዚያ ቀን ከዚሁ ግቢ ነበሩ፤ ስንቁን ያሰሩለትም እርስዎ ነዎት። በመዝገብዎ ውስጥ ግን የለም።»

ሽማግሌው የሚመልሱት ቃል አጡ። በዚያች ሌሊት መዝገቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢገልጡት፣ ነገሥታት፣ ጦርነቶች፣ ሐውልቶችና ጨዋታዎች ሞልተውት አገኙ፤ ከዚያ ግቢ ሰዎች ግን አንድም ሰው አልነበረም። የገዛ ሚስታቸው ያረፈችበት ቀን እንኳ ስለ አንድ ድልድይ መመረቅ ብቻ ይናገር ነበረ። 40 ዓመት ያህል መርሳትን ሲዋጉ ኖረው መርሳትን በቤታቸው ውስጥ ሲቀልቡት እንደ ኖሩ አወቁ። በማግሥቱ በሚያዝያ 27 ቀን ቅጠል ላይ «የልብ ነገር» ከሚለው ሥር የልጁን ስም ጻፉ። ከዚያም በኋላ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «የእርስዎ ቀን የትኛው ነው?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። አናጢው የመጀመሪያውን ወንበር የሸጠበትን ቀን ሰጣቸው፤ ልብስ ሰፊዎቹ የተጋቡበትን፤ አንዲት ተማሪ ፈተና ወድቃ እናቷ ያልተቈጣቻትን ቀን።

የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበሩት ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የሀያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» በተባለው መጽሐፋቸው ያዩትንና የሰሙትን ስለ ጻፉ የዘመናቸው ሰው ኑሮ ለእኛ ተረፈልን። ሽማግሌው የእኒህን ሊቅ የአባታቸውን ስም ሲያነቡ ደስ ይላቸው ነበረ። ያን ጊዜ ግን ከስሙ ይልቅ ሥራው ገባቸው፤ ማየት ያለበት ሰው ከሩቁ በፊት የቅርቡን ማየት አለበትና።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ብዙው የካዛንችስ ክፍል ፈረሰ። የሰፈሩ ሰዎች እርስ በርስ በእግር ከማይደራረሱበት ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። አንዳንዱ መታጠቢያና መብራት ያለው የተሻለ ቤት አግኝቷል፤ ነገር ግን ከፎቁ ላይ ሆኖ ቡና ሲያፈላ የሚጠራው ጎረቤት አላገኘም። ሽማግሌውም ዕቃቸውን ሲያስጭኑ መዝገቡን በነጠላ ጠቅልለው በጉልበታቸው ላይ ይዘውት ሄዱ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አዲስ ልማድ ይዘዋል። በማለዳ ቅጠሉን ይገልጣሉ፤ በዚያ ቀን የጎረቤት ነገር ቢገኝ በስልክ ይደውሉና «ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው» ብለው አራቱንም ክፍል ያነቡለታል። አናጢው አንድ ጊዜ «ሰፈሬ የት ነው ብለው ቢጠይቁኝ ኅዳር 12 ነው እላለሁ» ብሎ አሣቃቸው።

በመዝገቡ መጨረሻ ያለችው የጳጉሜን 6 ቀን ቅጠል በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ብቻ ስለምትገለጥ ከ1979 እስከ 2015 ዓ.ም. የተነበበችው ዐሥር ጊዜ ብቻ ነው። በእርሷ ላይ የ1999 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን፣ የሁለት ሺሁ ዓመት ዋዜማ ተጽፏል፤ «ሣቅ» ከሚለው ሥርም «ዓለሙ ሁሉ አክብሮ ከደከመው ሰባት ዓመት በኋላ የእኛ ደረሰ፤ ዘገየን እንጂ አልቀረንም» የሚል አለ። «የልብ ነገር» የሚለው ግን ባዶ ነበረ። ሽማግሌው ይህን ስፍራ ለግቢው ሁሉ ሰጥተውታል። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ሲደርስ ሁሉም ከየዳርቻው መጥቶ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይገናኝ ዘንድ ተቀጣጥረዋል።

ከመፍረሱ በኋላ የመጀመሪያው ሚያዝያ 27 ቀን በደረሰ ጊዜ ሽማግሌው በማለዳ ለአሮጊቲቱ ደወሉ። ከሩቅ የሲኒ ድምፅ ይሰማቸው ነበረ። ልቧን እንዳያደክሙ ብለው ሌላውን ትተው ከልጇ ስም ንባቡን ጀመሩ። እርሷ ግን አቋረጠቻቸውና እንዲህ አለች፤ «አይሆንም ጋሼ፣ እንደ ልማድዎ ከላይ ይጀምሩ። ጠላትም ይግባ፣ ንጉሡም ይመለሱ፤ ልጄ በተራው ይደርሳል።»